ክረምቱን በላስቲክ ተጠቅልለው ያሳለፉ ባክግራውንዶች፦ የአንድ የሐዋሳ ፎቶ ቤት ጉዳይ

ይህ የጉዳይ ጥናት በሐዋሳ ከተማ፣ ከሐይቁ ብዙ በማይርቅ ሰፈር የሚሠራ አንድ አነስተኛ ፎቶ ቤት ዘጠኝ የጨርቅ ባክግራውንዶቹን፣ ማለትም ሰው ፎቶ ሲነሣ ከጀርባው የሚሰቀሉትን ጨርቆች፣ በአንድ ክረምት ውስጥ ተበላሽተው ባገኘ ጊዜ የታየውን፣ የብልሽቱን መንስኤና ከዚያ በኋላ የተሠራውን ሥራ ይዘረዝራል። ጉዳዩን በዝርዝር መጻፍ ያስፈለገው በእኛ አገር ፎቶ ቤቶች ካሜራና ሌንስ በቦርሳ፣ ፍላሽ በሣጥን ሲቀመጥ ጨርቁ ግን ቦታ በተገኘበት ስለሚጣል፣ ሲበላሽም ጥፋቱ በጨርቁ ጥራት ወይም በሻጩ ላይ ስለሚላከክ ነው። በዚህ ፎቶ ቤት ያየሁት ግን ሌላ ነው። ባክግራውንዶቹን ያበላሻቸው ሥራ አይደለም፤ ሥራ በሌለበት ወቅት የተቀመጡበት መንገድ ነው፤ ከዚያም ውስጥ ትልቁን ድርሻ የያዘው ከስታንድ (ከሚሰቀሉበት ማቆሚያ) ወርደው እስኪታጠፉ ድረስ ባለው አጭር ጊዜ የተደረገው ወይም ሳይደረግ የቀረው ነገር ነው።

የሐዋሳ ፎቶ ቤት የሥራ ወቅትና የዝናቡ ወቅት እንዴት እንደሚገጣጠሙ ሳይታይ ነገሩ አይገባም። የሠርግ ሥራ በጥር ይደምቃል፤ ከፋሲካ በኋላ እንደገና ይነሣል፤ ሰኔና ሐምሌ ደግሞ ተመራቂዎች ጋውናቸውን ለብሰው የሚመጡባቸው ወራት ናቸው። ከዚያ በኋላ እስከ ጳጉሜን ድረስ ገበያው ይቀዘቅዛል፤ ለእንቁጣጣሽና ለመስቀል ልጆች አዲስ ልብስ ለብሰው ከወላጆቻቸው ጋር እስኪመጡ ድረስ ጨርቆቹ ሳይነኩ ይቀመጣሉ። ከተማዋ በስምጥ ሸለቆ ውስጥ በ1,700 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ፣ በሐይቅ ዳር የተቆረቆረች ናት፤ ዝናቡም ከበልግ ጀምሮ እስከ መስከረም ይዘልቃል። ስለዚህ ባክግራውንድ ሥራ የሚፈታበት ጊዜ አየሩ ከዓመቱ ሁሉ ይበልጥ እርጥብ ከሆነበት ጊዜ ጋር ይገጥማል። ደረቅ አየር ባለበት ከተማ ይቅር የሚባል ስንፍና እዚህ ይቅር አይባልም።

የተቀመጡበት ክፍል በግቢው ጀርባ ያለ ሰርቪስ ቤት ነበር። ጣሪያው ኮርኒስ የሌለው ቆርቆሮ፣ ወለሉ ሊሾ፣ የውጭ ግድግዳው ደግሞ በዛፍ ጥላ የተሸፈነ ብሎኬት ነው። ከዘጠኙ ባክግራውንዶች አራቱ የጥጥ ሲሆኑ አንዱ ነጭ፣ አንዱ ግራጫ፣ ሁለቱ ደመና መሰል ሆነው በእጅ የተነከሩ ናቸው፤ እያንዳንዳቸውም 3 በ6 ሜትር ናቸው። ሁለቱ ሥዕል የታተመባቸው ፖሊስተር፣ አንዱ ለቪዲዮ የሚያገለግል አረንጓዴ ፖሊስተር፣ አንዱ ጥቁር ከፋይ፣ የመጨረሻው በአክሪሊክ ቀለም በእጅ የተሳለ ሸራ ነው። ከሸራው በቀር ሁሉም እንደ አንሶላ በአራት ማዕዘን ታጥፈው፣ በወፍራም ላስቲክ ተጠቅልለው፣ በፕላስተር ታሽገው፣ በማዳበሪያ ከረጢት ገብተው፣ ከግድግዳው ጥግ ሊሾው ላይ ተደርድረዋል። ሸራው የተሳለበት ፊቱ ወደ ውስጥ ሆኖ በቀጭኑ ተጠቅልሎ፣ በሲባጎ ጠብቆ ታስሮ፣ ከቆርቆሮው ሥር በአግድም እንጨት ላይ ተሰቅሏል።

በጳጉሜን ከረጢቶቹ ሲፈቱ ከሁሉ በፊት የተሰማው ሽታው ነበር። ረዳቱ ወጣት ጥፋት እንዳልሠራ በሚያምን ሰው ቅንነት «ጋሼ፣ በላስቲክ ያሸግነው እኮ እርጥበት እንዳይገባበት ብለን ነው» አለኝ። ሐሳቡ የብዙ ሰው ሐሳብ በመሆኑ ተገቢ መልስ ያስፈልገዋል። ጥጥ በእጅ ሲዳሰስ ደረቅ ቢመስልም በውስጡ ውኃ አለው። የአየሩ አንጻራዊ እርጥበት 65 በመቶ በሚሆንበት ክፍል 100 ግራም ደረቅ ጥጥ ከ7 እስከ 8 ግራም ውኃ ይይዛል፤ ፖሊስተር ግን ግማሽ ግራም እንኳ አይሞላም። እንግዲህ 2 ኪሎ ተኩል የሚመዝን የጥጥ ባክግራውንድ «ደርቋል» ተብሎ ሲታሸግ አንድ ብርጭቆ ያህል ውኃ አብሮት ይታሸጋል፤ አየሩ ከዚያ የበለጠ እርጥብ ከነበረም መጠኑ ይጨምራል። ቀን ቆርቆሮው ሲግል ይህ ውኃ ከጨርቁ ወጥቶ በላስቲኩ ውስጥ ያለውን አየር ይሞላል፤ ሌሊት ሲቀዘቅዝ ደግሞ በላስቲኩ የውስጥ ፊት ላይ ጤዛ ሆኖ ተመልሶ ጨርቁ ላይ ይወርዳል። መውጫ የለውም። ላስቲኩ ከውጭ የሚመጣ ውኃን ይከለክላል፤ ከውስጥ ያለውን ግን ያስቀራል፤ በዚህ ጉዳይ ጉዳት ያደረሰውም የውስጡ ነው።

ምርመራው ምን አሳየ?

ጨርቆቹን ግቢ ውስጥ በገመድ ላይ ዘርግተን ከማጽዳታችን በፊት የእያንዳንዱን ሻጋታ ቦታ መመልከታችን ከሁሉ የበለጠ ጠቅሞናል፤ ወዲያው ወደ ሳሙና ቢሮጥ ኖሮ የሚጠፋ ማስረጃ ነበርና። በነጩና በግራጫው ጥጥ ላይ ሻጋታው እኩል አልተሠራጨም። በላይኛው ሁለት ሜትር ጥቂት ነጠብጣብ ብቻ ሲታይ፣ ወለል ላይ በሚነጠፈው የታችኛው ጫፍ ግን ጥቁርና አረንጓዴ ክቦች እርስ በርሳቸው ተያይዘው ነበር። ያ ጫፍ ደንበኞች በጫማ የሚቆሙበት፣ የልደት ኬክ ክሬም የሚንጠባጠብበት፣ በበዓል ቀን ጸጉራቸው ቅቤ የተቀባ ሕፃናት የሚተኙበት ነው። ሻጋታ እርጥበት ብቻውን አይበቃውም፤ ምግብም ይፈልጋል። ጥጥ ራሱ ሊበላ የሚችል ነገር ነው፤ ስኳር፣ ቅባትና አፈር ሲጨመርበት ግን ሻጋታው ፈጥኖ ይይዛል። የፖሊስተሮቹም ምስክርነት ይህንኑ ያጠናክራል፤ ክሩ ራሱ ባይሻግትም ከታተሙት በአንዱ ላይ ኬክ በፈሰሰበት ቦታ ብቻ፣ የእጅ መዳፍ በሚያህል ስፋት፣ ሻጋታ በቅሎ አገኘን።

በተለይ ልብ ሊባል የሚገባው ቦታ የዘንግ ማስገቢያው ነው። በጨርቁ አናት ላይ ጠርዙ ወደ ኋላ ታጥፎ የሚሰፋው ይህ ኪስ በስፌቱ ላይ ሦስት ድርብ ጨርቅ አለው፤ ስለዚህ ሌላው ሁሉ ሲደርቅ እሱ ገና እርጥብ ነው። በሁለት ጥጦች ላይ ስፌቱን ተከትሎ የሄደ ቀጭን ጥቁር መስመር ነበረ፤ ጣቴን በኪሱ አስገብቼ ስዳስስም ውስጡ ያዳልጥ ነበር። በነጩ ላይ ደግሞ የብረት ዘንጉ ሳይወጣ አብሮ ታጥፎ ስለነበር ከአንዱ ጫፍ እስከ ሌላው የተዘረጋ ብርቱካንማ የዝገት መስመር ታትሞበታል።

ግራጫው ሌላም ታሪክ ነበረው። ከዚያ በፊት በነበረው ዓመት በታችኛው ጫፍ ላይ ነጠብጣብ ታይቶ በረኪና ተደርጎበት ነበር። በረኪና የሻጋታውን ቀለም ያነጣ ይሆናል፤ ግን የጨርቁን ማቅለሚያም አብሮ ይበላል፤ ደጋግሞ ሲደረግም የጥጡን ክር ያሳሳል። ስለዚህ ግራጫው ላይ ቢጫ ያዘሉ የነጡ ክቦች ቀርተዋል፤ ጨርቁም በዚያ ቦታ ሲወጠር ይሳሳል። በነጩ ላይ ያለው ዝገት በበረኪና አለመነካቱ ግን ዕድል ነው፤ በረኪና ዝገትን ከማስለቀቅ ይልቅ ያጠናክረዋልና።

የሸራው ጉዳት ከሻጋታ ጋር ግንኙነት አልነበረውም። አክሪሊክ ቀለም ሲሞቅ ይለሰልሳል፤ ሲቀዘቅዝ ይደርቃል። ከቆርቆሮ ሥር በሚሰበሰበው ሙቀት ላይ የሲባጎው ጥብቀት ሲጨመርበት ቀለሙ ከሸራው ጀርባ ጋር በየቦታው ተጣብቋል፤ በቀጭኑ መጠቅለሉም በተሳለው ፊት ላይ ጥቃቅን ሽብሽቦች አውጥቷል። በእጅ የተሳለ ሸራ ሁልጊዜ የተሳለበት ፊቱ ወደ ውጭ ሆኖ፣ በተቻለ መጠን ወፍራም በሆነ ቱቦ ላይ፣ ሳይጠብቅ መጠቅለል አለበት። ወደ ውስጥ ሲጠቀለል የቀለሙ ገጽ ይጨመቃል፤ የተጨመቀ ቀለም ይሸበሸባል፣ ይላጣልም።

ከፋዩ በመልኩ ደህና ይመስል ነበር፤ በብርሃን ሲታይ ግን የእጥፋቱ መስመሮች ጸጉሩን ተጭነውት እንደ ቼዝ ሰሌዳ አራት ማዕዘን አውጥተውበታል። ጥቁር ከፋይ የሚገዛው ብርሃንን ውጦ ምንም እንዳይታይበት ነው፤ የተጫነ ጸጉር ብርሃን ስለሚመልስ ዓላማውን ያጣል።

የፎቶ ቤቱ ባለቤት የሆኑት ሴት በየከረጢቱ ናፍታሊን ጨምረው ስለነበር «እሱ እያለ እንዴት ተበላሸ?» ብለው መጠየቃቸው ተገቢ ነው። ናፍታሊን የሚደረገው ለብል ነው፤ ብል ደግሞ ሱፍና ሐር እንጂ ጥጥ ወይም ፖሊስተር አይበላም። ሻጋታንም አያቆምም። ሽታው ግን ጨርቁ ውስጥ ይቀራል፤ በጠባብ ስቱዲዮ ውስጥ ሕፃን የሚያስተኙበት ጨርቅ እንዲህ መሽተት የለበትም።

ለማዳን የተሠራው

መጀመሪያ የተደረገው ማድረቅ ነው። እርጥብ ሻጋታ ሲፈተግ ወደ ክሩ ውስጥ ይሰርጋል፤ የደረቀው ግን በለስላሳ ብሩሽ ይራገፋል። ሥራው የተሠራው በግቢ፣ ነፋሱ ከሰው ወደ ውጭ በሚሄድበት አቅጣጫ፣ በማስክና በጓንት ነው፤ የሻጋታ ዘር ዱቄት ሆኖ ስለሚበንን በቤት ውስጥ ማራገፍ ሌሎቹን ጨርቆች መልሶ መበከል ነው፤ አስም ላለበት ሰውም አደጋ አለው። ረዳቱ ከልጅነቱ ጀምሮ አስም እንዳለበት የተናገረው እዚህ ላይ ነበር፤ ስለዚህ የማራገፉን ሥራ ሌላ ሰው ሠራው።

ነጩና ግራጫው በቀዝቃዛ ውኃና በጥቂት ፈሳሽ ሳሙና ታጠቡ። ሙቅ ውኃ ያልተጠቀምነው ጥጥ ስለሚያጥር ነው፤ ባክግራውንድ ደግሞ እኩል ካላጠረ ሲሰቀል ጠርዙ ይወላገዳል። የዝገቱ መስመር በሎሚ ጭማቂ ተነክሮ ቆይቶ በደንብ ታጠበ፤ በነጭ ጨርቅ ላይ ብቻ የሚሠራ ዘዴ ነው፤ መስመሩም ሙሉ በሙሉ ባይጠፋም ፎቶ ላይ እስከማይታይ ድረስ ደበዘዘ። ሁለቱ በእጅ የተነከሩት ከመታጠባቸው በፊት በጠርዛቸው ላይ በእርጥብ ነጭ ጨርቅ ተፈተኑ። አንዱ ቀለሙን ስለሰጠ አልታጠበም፤ ተራግፎ ጥላ ውስጥ እንዲናፈስ ብቻ ተደረገ። ነጩን ፀሐይ ላይ ማስጣት ይጠቅማል፤ ባለቀለሙን ግን ፀሐይ ያደበዝዘዋል፤ ስለዚህ ሌሎቹ ቀን ከሐይቁ በሚመጣው ነፋስ፣ በበረንዳ ጥላ ደረቁ።

ፖሊስተሮቹ የሚፈልጉት እጥፋታቸውን ማስለቀቅ ነበር። የፖሊስተር ክር ከ70 እስከ 80 ዲግሪ ሴልሺየስ ሲሞቅ ይላላል፤ ሲቀዘቅዝ የያዘውን ቅርጽ ይዞ ይቀራል። በዚህ ምክንያት በሙቅ ውኃ አጥቦ መጭመቅ አዲስ ጭምድድ መትከል ማለት ነው፤ በተቃራኒው ጨርቁ ተሰቅሎ በእንፋሎት ሲሞቅ የቆየው እጥፋት ይለቃል። በካውያ መተኮስ ካስፈለገ በትንሽ ሙቀት፣ ከላዩ ስስ ጨርቅ ተነጥፎ፣ ከጀርባው በኩል መሆን አለበት። ለአረንጓዴው ይህ ቁም ነገር ነው፤ በቪዲዮ ላይ የአረንጓዴው ጀርባ በሌላ ምስል ሲተካ እያንዳንዱ እጥፋት የራሱን ጥላ ስለሚያስቀር ኮምፒውተሩ እኩል አረንጓዴ አያገኝም። ከፋዩ ደግሞ ካውያ አልነካውም። ተሰቅሎ እንፋሎቱ ከጀርባው ተሰጠው፤ ከዚያ ጸጉሩ በሚተኛበት አቅጣጫ በብሩሽ ተነሣ።

ሸራውን ለመፍታት የማለዳው ቅዝቃዜ ተመረጠ፤ የሞቀ ቀለም ስለሚለጠፍ ነው። ሳይጎተት፣ እያንዳንዱ ዙር በሰፊው እየተከፈተ፣ ከወፍራም ቱቦ ላይ እየተመለሰ ተፈታ። እንደዚያም ሆኖ በየቦታው ጣት የምታህል ቀለም ተነሥታ ከጀርባው ጋር ቀርታለች። ጉድለቱን የሞላው በዚያው ሰፈር የማስታወቂያ ሰሌዳ የሚስል ባለሙያ ነው፤ ቀለሙን በቀን ብርሃንም በስቱዲዮው ፍላሽም እያየ በማመሳሰሉ ሥራው አጥጋቢ ሆነ።

ግራጫው ሙሉ በሙሉ አልዳነም። በበረኪናና በሻጋታ የተጎዳው የታችኛው ክፍል፣ አንድ ሜትር ተኩል ያህል፣ ተቆርጦ ጠርዙ በልብስ ሰፊ ተቀመቀመ። አሁን 4 ሜትር ተኩል ርዝመት ያለው ጨርቅ ነው፤ ወለል ላይ ተነጥፎ ሙሉ ቁመት ለማንሣት አይበቃም፤ ተቀምጦ ለሚነሣ ሰው ግን እንደ ድሮው ያገለግላል። ጥሎ አዲስ ከመግዛት ይህ ይሻላል ብዬ አምናለሁ።

አዲሱ አቀማመጥ

ባክግራውንዶቹ ከሰርቪስ ቤቱ ወጥተው ስቱዲዮው ውስጥ ካለች፣ ግድግዳዋ ሁሉ የውስጥ ከሆነ ጠባብ ክፍል ገቡ። የውጭ ግድግዳ ሌሊት ይቀዘቅዛል፤ እርጥበትም በቀዝቃዛ ነገር ላይ ይሰበሰባል፤ ቦታውን የመረጠልን ይኸው ነው። ከቱቦላሬ የተበየዱ ክንዶች ግድግዳው ላይ ተተክለው ጥቅልሎቹ በአግድም ይተኛሉ፤ የታችኛው ከሊሾው ከአንድ ክንድ ያላነሰ ከፍ ይላል፤ ከግድግዳውም አየር የሚያልፍበት ክፍተት አለ።

ለመጠቅለያ የተመረጠው የ110 ሚሊ ሜትር የፍሳሽ ቱቦ ነው። በየሱቁ የሚገኘው 6 ሜትር ርዝመት ስላለው ለሁለት ቢቆረጥ 3 ሜትር ይሆናል፤ ይህ ደግሞ ከጨርቁ ስፋት ጋር እኩል ስለሆነ ጠርዙ እያለፈ ይሸበሸባል። ስለዚህ እያንዳንዱ ቱቦ ከጨርቁ በሁለቱም በኩል ጥቂት እንዲያልፍ ተቆርጦ፣ ትርፉ ለሌላ ሥራ ዋለ። እንዲህ ያለው ፕላስቲክ ከጊዜ ብዛት ጨርቅን የሚጎዳ አሲድ ሊያወጣ ስለሚችል ቱቦው በአሉሚኒየም ፎይል ተሸፍኖ በላዩ የታጠበ አቡጀዲ ለበሰ። የጨርቃ ጨርቅ ሱቆች የሚጥሉት የካርቶን ቱቦም ይሆናል፤ ካርቶንም ጨርቅን ስለሚያበልዝ ተመሳሳይ ልብስ ይፈልጋል። የጥቅልሉ የውጭ ልብስ ደግሞ ከላስቲክ ወደ አቡጀዲ ተለወጠ፤ አቧራን ይከለክላል፣ አየርን ግን ያሳልፋል። ከፋዩ ጸጉሩ ወደ ውጭ ሆኖ ላላ ተደርጎ ይጠቀለላል።

ሁለቱ ደመና መሰል ጥጦች ብቻ አልተጠቀለሉም። እነሱን እንደ ነገሩ ጨምድዶ በሰፊ የጥጥ ከረጢት ማስገባት ይሻላል። በሥርዓት የታጠፈ ጨርቅ ቀጥ ያሉ መስመሮች ያወጣል፤ ዓይንም ቀጥ ያለ መስመርን ፈጥኖ ይይዛል። ወጥነት የሌለው ጭምድድ ግን ከቀለሙ ደመናማነት ጋር ይዋሃዳል፤ ከትኩረት ውጭ ሲሆን ጭራሽ አይለይም።

ለረዳቱ የተሰጠው ትእዛዝ አጭር ነው። ሥራ ሲያበቃ ጨርቁ ከስታንዱ አይወርድም፤ የታችኛው ጫፍ ይጠረጋል፣ ቅባትና ስኳር ካለ በዚያው ሰዓት ይለቀቃል፣ ቬንትሌተር ተከፍቶበት ያድራል። ጠዋት የዘንግ ማስገቢያው በእጅ ተዳስሶ፣ ዘንጉ ወጥቶ፣ ከዚያ ይጠቀለላል። ክፍሉ ውስጥ አነስተኛ የእርጥበት መለኪያ ተሰቅሏል፤ ከ65 በመቶ በላይ ሲያሳይ ቬንትሌተሩ ይከፈታል። የስቱዲዮው መስኮት የሚከፈተው ዝናብ ባቆመበት የቀትር ሰዓት ነው፤ በዝናብ ወይም በማታ መክፈት የውጩን እርጥበት መጋበዝ ይሆናል። በክረምት ደግሞ ደንበኛ ባይኖርም እያንዳንዱ ጨርቅ በየሁለት ሳምንቱ ወርዶ ይናፈሳል። ባለቤቷ በየጥቅልሉ ጫፍ ላይ የጨርቁን ዓይነት፣ መጨረሻ የታጠበበትን ቀንና ያስቀመጠውን ሰው ስም የሚይዝ የጨርቅ ቁራጭ አሰፉ። ከሁሉ የበለጠ የሠራው ይህ ይመስለኛል፤ ስሙ የተጻፈበት ሰው ኪሱን ሳይዳስስ አይጠቀልልም።

የሁሉም ወጪ ተደምሮ አንድ ጥሩ በእጅ የተሳለ ሸራ ከሚገዛበት ዋጋ በታች ነው።

በተከታዩ ክረምት ከጥቅልሎቹ አንዱም አልሻገተም። ችግር የታየው ከከረጢቶቹ በአንዱ ብቻ ነው፤ የሚያናፍሱት ሰዎች ከላይ ያለውን ጨርቅ እየነኩ ደረቅ መሆኑን ሲያረጋግጡ ከሥር የነበረው ክምር ሳይገለበጥ ቆይቶ መሽተት ጀምሮ ነበር። ጨርቁ አልተጎዳም፤ አሠራሩ ግን ተለወጠ። ከረጢቶቹ በየሁለት ሳምንቱ ሙሉ በሙሉ ተራግፈው ጨርቁ ከታች ወደ ላይ ተገልብጦ እንዲመለስ ተደረገ፤ የከረጢቱ ታች ደግሞ አየር በሚያሳልፍ ስስ መረብ ተቀየረ። ሸራው ከእንግዲህ አይጠቀለልም። በሞራሌ ፍሬም ላይ ተወጥሮ የመስኮት ብርሃን በማይደርስበት ግድግዳ ላይ ቆሟል፤ በማይሠራበት ጊዜ የአቡጀዲ መጋረጃ ይጣልበታል።